እስከ ቁጥር ዘጠኝ

ናይሮቢ የመጣሁት ወንጌል ለማጥናት ነው ስል ሰው ይስቃል። በየደብሩ ሊቅ ሞልቶ አንቺ ለወንጌል ኬንያ ትሄጃለሽ? ይሉኛል። እውነታቸውን ነው። ግን ነጻ የትምህርት ዕድል የሰጠኝ ዌስትላንድስ አጠገብ ያለ አንድ የነገረ መለኮት ኮሌጅ ነው፤ የሰጡኝ ቦታ ሄድኩ። የማስተርስ ጽሑፌ ስለ ዘሪው ምሳሌ ነበር። ዘሩ አንዱ መንገድ ላይ፣ አንዱ ጭንጫ ላይ፣ አንዱ እሾህ መሃል፣ አንዱ መልካም መሬት ላይ የሚወድቅበትን ታሪክ የጥንት ክርስቲያኖች እንዴት ተረጎሙት? ከዚያስ የትኛው በእኛ አገር የአንድምታ ጉባኤ፣ ከመምህር አፍ ወደ ተማሪ ጆሮ እየተላለፈ ቀረ? ጥያቄዬ ይኸው ነበር።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ምዕራፎች በቤተ መጻሕፍት መጻሕፍት አለቁ። ሦስተኛው ላይ ተገትሬ ቀረሁ። የታተመው ትርጓሜ የሚለውን ሁሉም ሰው ብሎታል፤ እኔ ደግሞ ሰው ያለውን ደግሜ ስጽፍ ራሴን እጠላለሁ።

አንድ ቅዳሜ ሽሮ ልገዛ ኢስትሊ ወደሚባለው የናይሮቢ ሰፈር ሄድኩ። ባለሱቁ ሰባ ዓመት ያለፋቸው ኤርትራዊ ናቸው፤ አማርኛቸው ከእኔ ይጠራል። ተራዬ እስኪደርስ የወንጌሉን ፎቶ ኮፒ ሳገላብጥ አዩኝና ምን እንደማነብ ጠየቁኝ። ነገርኳቸው።

«መንገዱን ምን ይሉታል?» አሉ ሽሮውን እየመዘኑ።

«ልበ ደንዳናውን ሰው ነዋ፣ አቦይ።»

«እሱም አለ። አንድም፣ መንገድ የሆነው ልብ ክፉ ሆኖ አይደለም፤ አላፊ አግዳሚው ስለረገጠው ነው። ገበሬ ቢያገኝ እሱም እርሻ ነበር።»

ሁለት ዓመት ሙሉ ያንን መንገድ ስንቀው ኖሬአለሁ። ሲረግጡት የደነደነ ስንት ሰው እንደማውቅ፣ ከነዚያም አንዷ እኔ እንደሆንኩ፣ ያን ጊዜ ገና ትዝ አለኝ። ከማን እንደሰሙት ስጠይቃቸው ጎንደር ከመምህራቸው ጉባኤ ነው አሉኝ። ሽሮዬን ረስቼ ወጣሁ።

ከዚያ በኋላ ስድስት ወር ያህል በየቅዳሜው ከምኖርበት ከፓርክላንድስ ማታቱ የሚሉትን ሚኒባስ እየተሳፈርኩ ሱቃቸው እሄድ ነበር። ስልኬን አውጥቼ ልቅዳ ስል እጃቸውን አወዛወዙ። በጉባኤ ወግ መምህሩ ይናገራል፣ ተማሪው ይቀበላል፣ ሳይሳሳት ከደገመው ብቻ ያዘ ይባላል። እኔም በርበሬ ከሚገዛው ሰው መሃል በርጩማ ላይ ተቀምጬ እንደ ሕፃን ስደግም እውላለሁ። አንዲት ቃል ባዛንፍ «እንደገና» ይሉኛል። እኔ ቱግ ማለት ይቀናኛል፤ አንድ ቀን «አቦይ፣ ይቺን ቃል ብለውጣት ምን ይጎድላል?» ብዬ ጮህኩባቸው። «እኔ ለውጬ ብሰጥሽ አንቺ ምን ታገኚ ነበር?» ብለው ሚዛናቸውን መጥረግ ቀጠሉ።

ጽሑፉ ሊገባ ሦስት ሳምንት ሲቀረው አሳትሜና አስጠርዤ ወሰድኩላቸው። ደስ ይላቸዋል ብዬ ልቤ ሊወጣ ነበር። የግርጌ ማስታወሻውን እየተረጎምኩ አነበብኩላቸው፤ «ይህን ትርጓሜ የሰጡት በናይሮቢ የሚኖሩ የአንድምታ መምህር ናቸው» ይላል።

ፊታቸው ተለወጠ። «መምህሩ ማነው?»

«እርስዎ ነዎታ!»

«ማን አስመሰከረኝ? ጉባኤውን ሳልጨርስ፣ በሊቃውንት ፊት ቆሜ ሳልጠየቅ፣ ተመርቄ ወንበር ሳልቀመጥ ነው መምህር የምባለው? አንቺን ሳትጨርሺ ዶክተር ቢሉሽ ትወጃለሽ?»

«እውነቱን ልንገርዎት? እወዳለሁ» አልኩ። አልሳቁም።

«እኔ አልወድም። ከመጽሐፍሽ አውጪኝ። ቃሉንም አውጪው።»

ለመንኩ፣ ተከራከርኩ፣ በመጨረሻ ተቆጥቼ ወጣሁ። ሦስተኛው ምዕራፍ የቆመው በእሳቸው ቃል ነው። እሱ ከወጣ ጽሑፉ አይመዘንም፤ የትምህርት ዕድሌም በዚያው ዓመት ያበቃል። ማታቱው ትራፊክ ውስጥ ሲቆም እኔ በልቤ ከሽማግሌው ጋር እየተጣላሁ ነበር። ማዕረግ ሰጥቼ ማስቀየሜ አልገባኝም።

አማካሪዬ ኬንያዊት ፕሮፌሰር ናት፤ የጥንት ብራናዎች ነገር ከእሷ በላይ የሚያውቅ የለም። «መረጃ ሰጪ ቁጥር አንድ ብለሽ ጻፊው፤ ግን መጀመሪያ እሳቸው ይፍቀዱ» አለችኝ ነገሩን ሳጫውታት። ቤቴ ገብቼ ጻፍኩት። ሳነበው አፈርኩ። ስድስት ወር በጆሮዬ የያዝኩት ቃል ከቆጠራ ወረቀት የተቀዳ መሰለ። ከዚያ ራሷ ያስተማረችን ነገር መጣልኝ። ቅጠሎቹ የጎደሉ ብራና ስናገኝ ሙሉ ነው አንልም፣ አንጥለውምም። ማን እንደጻፈው ከታወቀ እንጽፋለን፣ የት ላይ እንደሚቋረጥም እንጽፋለን። የተቋረጠ ስለሆነ የሚንቀው የለም፤ እንዲያውም ተሻምተን ነው የምናነበው። ጉባኤያቸው ምዕራፍ አሥራ ሰባት ላይ እንደተበተነ በጨዋታ መሃል ነግረውኝ ነበር፤ እኔ ግን ለብራና ያደረግኩትን ለሰው ነፍጌ ነበር።

በማግስቱ ሱቃቸው ሄድኩና ቆሜ አነበብኩላቸው። «ይህን ትርጓሜ የነገሩኝ የአንድምታ ተማሪ ናቸው። ጎንደር ከመምህራቸው የመጀመሪያውን ወንጌል እስከ ምዕራፍ አሥራ ሰባት ሰምተዋል። ወጣት የሚታፈስበት ዘመን ሲመጣ ጉባኤው ስለተበተነ አልጨረሱም።»

የሚመዝኑትን አስቀመጡ። ከዚያ «ልክ አይደለም» አሉ። «አሥራ ሰባትን አልጨረስናትም። እስከ ቁጥር ዘጠኝ በይ። ጌታ ከሦስቱ ደቀ መዛሙርት ጋር ከተራራው ሲወርድ ነው የተበተንነው። የኔታ ነገ እንቀጥላለን ብለው ነበር።» ከዚያ በኬንያዎቹ ቋንቋ ይቅርታ ጠየቁኝ። «ፖሌ፣ ልጄ፤ ተቆጣሁሽ። አሁን ይግባ።»

«እስከ ቁጥር ዘጠኝ» ብዬ እዚያው በእስክሪብቶ አረምኩት።

ጽሑፌን በቃል በምከላከልበት ፈተና ቀን አንዱ ፈታኝ ያቺን ማስታወሻ ጮክ ብሎ አነበበ። «እኚህ ሰው የተማሩበት ጉባኤ ከቁጥር ዘጠኝ በኋላ ያሉትን ምሳሌዎችም እንዲህ በርኅራኄ ይተረጉማቸዋል?» ሲል ጠየቀኝ። አላውቅም አልኩ። እሳቸውም አያውቁም አልኩ። አለፍኩ፤ አማካሪዬ እቅፍ አደረገችኝ።

ወሬውን ይዤ ወደ ኢስትሊ በረርኩ። እልል ይላሉ ስል፣ «ምን ጠየቁሽ?» አሉኝ። ነገርኳቸው።

«አያውቁም አልሽ?»

«ታዲያ ምን ልበል አቦይ?»

«ልክ ነሽ። አላውቅም» አሉና በርበሬ መስፈር ጀመሩ። ቅር ያሰኘኋቸው መሰለኝ። ነገሩን ባልነገርኳቸው ኖሮ ብዬ ሳምንቱን ሙሉ ራሴን ስረግም ከረምኩ።

በሳምንቱ ደወሉልኝ። «ጎንደር ጉባኤ የሚያስኬዱ አንድ መምህር ስልክ አግኝቻለሁ። ሐሙስ ሐሙስ ጠዋት ለእኔ ሰዓት አላቸው። እኔ ዓይኔ ፊደል አይለይም፤ ጉባኤ ደግሞ አንባቢ ይፈልጋል። ስልክሽ ላይ የኢንተርኔት ባንድል ገዝተሽ ነይ።»

ሐሙስ ሱቁን ገና አልከፈቱትም ነበር። ስልኩን የሽሮ ጆንያ ላይ አቆምኩት። የመጣው ድምፅ የወጣት ነው፤ ከልጃቸው ልጅ ብዙም የሚበልጥ አይመስልም። አቦይ ከበርጩማቸው ተነሡ፣ ባርኔጣቸውን አወለቁና ለስልኩ ዝቅ ብለው እጅ ነሡ።

«እንደምን አደሩ የኔታ» አሉ።

«እግዚአብሔር ይመስገን አባቴ። የት ላይ ነበሩ?»

«ቁጥር ዘጠኝ ላይ።»

«እንግዲያው ከዚያው እንቀጥላለን። ይነበብ።»

መጽሐፉን ገለጥኩ። ማንበብ ጀመርኩ እንጂ ድምፄ አልወጣም፤ እንባዬ ቀደመኝ። አቦይ ሳይቀመጡ፣ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አጣምረው ቆመዋል።

«ልጄ፣ ከፍ አድርጊው» አሉኝ። «የኔታ አልሰሙሽም።»