አዳዳ የፈቱት ጨሌ

በሕይወቴ እንደዚያ ጨሌ ያንገበገበኝ ነገር የለም። ዛሬም ሳነሳው ያናድደኛል።

በጃንሆይ ዘመን፣ ነቀምት ውስጥ፣ የስድስተኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። ታላቅ እህቴ ለደምቢ ዶሎ ሰው ታጭታ፣ «የሠርጌ ቀን አንገቴ ላይ የማስረው አንቺ የሠራሽውን ነው» ብላኝ ነበር። ከሄደች በኋላ በዓመት አንዴ ባገኛት ነው። እጄ የሠራው ነገር አብሯት እንዲሄድ ፈለግሁ፤ ሌላ የምሰጣት አልነበረኝም።

የሚስዮን መምህርታችን አንድ አዲስ ስፌት አሳይታን ነበር። በመርፌ አንድ ዶቃ ትለቅሚያለሽ፤ ካለፈው ረድፍ አንዱን ዘልለሽ በሚቀጥለው ውስጥ ታሳልፊያለሽ። አዲሱ ዶቃ በሁለቱ መካከል ገብቶ ይቀመጣል። ጨርቅ የመሰለ ጥብቅ ጥብጣብ ይወጣል። አስቸጋሪው ጠርዙ ላይ ደርሶ መመለሱ ነው፤ እዚያ ከተሳሳትሽ ሁሉም ይላላል።

የምሠራው በአባቴ እህት ቤት ነበር። አዳዳ እንላቸዋለን። በጨሌ ሥራ ነቀምት ውስጥ የሚተካከላቸው አልነበረም። ዶቃውን ከጉራጌው ባለሱቅ የገዙልኝ እሳቸው ስለሆኑ ከቤታቸው ማውጣት አይፈቀድልኝም። ከትምህርት ቤት መልስ ክሩን ሰም እቀባና ሁለት ጣት ያህል እሰፋለሁ። በማግስቱ ስመጣ ተፈትቶ፣ ዶቃው ሳህን ላይ ተዘርግፎ አገኘዋለሁ።

«አዳዳ፣ ምን አጠፋሁ?»

«ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ጠርዙ አላማረኝም። እንደገና ሥሪው፤ እኔ እያየሁሽ።»

ሠራሁ። ፈቱት። እንደገና ሠራሁ። ደግመው ፈቱት። ስድቡ አፌ ላይ ደርሶ ይመለሳል፤ ታላቅ ሰው አይሰደብ ነገር። ለእናቴ ብናገር፣ «አዳዳ ያለ ምክንያት አይፈቱም» አለችኝ። የሠርጉ ሳምንት ሲገባ የደረስኩት መዳፍ የማያህል ቁራጭ ላይ ነው። እሱንም ፈቱት። ተስፋ ቆርጬ አለቀስኩ።

የሠርጉ ዕለት ጠዋት አዳዳ ከነጠላቸው ሥር አንድ የአንገት ጨሌ አወጡ። ቀይና ነጭ፣ ጠርዙ በማስመሪያ የተሰመረ ይመስላል። ስፌቱ ያው እኔ ከመምህርታችን የተማርኩት ነበር። ለእህቴ አንገቷ ላይ አሰሩላት። ጠጋ ብዬ፣ «ይህን ማን አስተማረዎት?» አልኳቸው።

«አንቺ ነሻ» አሉ ቀስ ብለው። «እየፈታሁ አይደል መንገዱን ያየሁት? ጠርዙ ላይ መዞሩ ነው ያስቸገረኝ።»

«ቢጠይቁኝስ ኖሮ?»

«በዚህ ዕድሜዬ ልጅ ልጠይቅ?»

እህቴ ጎንበስ ብላ ጉልበታቸውን ሳመች። ከዚያ እኔን አቅፋ፣ «ያንቺው እንዳላለቀ ነገሩኝ። ግድ የለም፣ ሌላ ጊዜ ትሠሪልኛለሽ» አለችኝ። እውነቱን ልነግራት አፌን ስከፍት አዳዳ እያዩኝ ነበር። «እሺ» አልኳት። መኪናው ይዟት ሄደ።

በሳምንቱ እናቴ ጠራችኝና፣ «ከተማው ሁሉ የሚያወራው ስለዚያ ስፌት ነው። እስኪ ሄደሽ ከአዳዳ ተማሪ» አለችኝ።