የአኒየኖቹ ተራ

የነጭ ጋዝ ሽታ ዛሬም አልችልም። ትናንት ጎረቤቴ ደጃፏ ላይ ቢደፋባት መስኮቴን ሁሉ ዘጋሁ፤ ኩራተኛ ሳልመስላት አልቀረሁም።

አርባ ምንጭ ስማር የአንድ ለአምስት ቡድን መሪ ነበርኩ። ጎበዝ የተባለ ጓደኞቹን ያስጠናል። እኔም ጎበዝ ተብያለሁ፣ ትዕግሥት ግን አልፈጠረብኝም። ከማስጠናቸው አንዷ ከገረሴ ከተማ የመጣች ልጅ ነበረች፤ ዝምተኛ፣ የተጠቀመችበትን ዕቃ ሳታጥብ ከክፍል የማትወጣ።

ለኦርጋኒክ ኬሚስትሪ ፈተና አኒየኖችን፣ ማለትም ኔጌቲቭ ቻርጅ የተሸከሙ ቅንጣቶችን፣ በመረጋጋታቸው መደርደር ነበረብን። የትኛው ኔጌቲቭ ቻርጁን ችሎ ይቀመጣል፣ የትኛው አይችልም ነው ነገሩ። ከፌኖል የሚገኘው መጀመሪያ፣ ከውሃ የሚገኘው ቀጥሎ፣ ከአልኮል የሚገኘው መጨረሻ ብዬ ጻፍኩላት።

«ለምንድነው ግን አልኮሉ መጨረሻ የሆነው?»

«ምክንያቱን ተዪው፣ ተራውን ሸምድጂ። ፈተና ላይ ለምን ብሎ የሚጠይቅሽ የለም።»

ተራውን እንደ ውሃ ጠጣችው። ፈተናውን ስታልፍ አቀፈችኝ፣ እኔም ተኩራራሁ።

በሳምንቱ ላብራቶሪ ገባን። ከጠዋት ጀምሮ ደስ አላለኝም። ንፋስ የሚባል የለም፣ በመስኮቱ የሚታየው የአባያ ሐይቅ ደፍርሶ ፀጥ ብሏል። የመከላከያ መነጽሩ ላብ እየሞላብን ሁላችንም አውልቀነዋል። ሶዲየም የሚባለውን ለስላሳ ብረት ከተነከረበት ነጭ ጋዝ እያወጣን በቢላ ስንቆርጥ ቆየን። መምህራችን «የተረፈውን አልኮል ውስጥ ጨምራችሁ አጥፉት» ብለው ለስብሰባ ወጡ።

ሰዓቱ ሊያልቅ ሲል አልኮሉ ቀድሞ አለቀ። የገረሴዋ ልጅ ዕቃዋን ሳታጸዳ መውጣት አትችልም። በሸመደደችው ተራ ላይ ውሃና አልኮል ጎን ለጎን ናቸውና አንዱ ሌላውን የሚተካ መሰላት። እኔ ሪፖርት እየጻፍኩ ነበር። ቧንቧው ሲከፈት ሰምቻለሁ፣ ቀና ብዬ ግን አላየሁም።

ከዚያ ፍንዳታው፣ ከዚያ ጩኸቷ።

ሆስፒታል ስሄድ ሁለቱም ዓይኖቿ በፋሻ ታስረዋል። ሐኪሙ የግራ ዓይኗ እንደማይመለስ ለአባቷ ሲነግሯቸው ኮሪደር ላይ ቆሜ ሰማሁ። እሷ ገና አላወቀችም። እኔ መሆኔን ነግሬያት አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ፤ ልወቅሳት የመጣሁ ሳይመስላት አልቀረም፣ ቶሎ ብላ ጠየቀችኝ።

«አንቺ፣ ውሃና አልኮልን ምን ለያቸው?»

መዳፏን ይዤ በጣቴ ሣልኩላት። ኦክስጅኑን፣ የመቀነስ ምልክቱን፣ አጠገቡ ያሉትን ካርቦኖች።

«እነዚህ ካርቦኖች ኤሌክትሮን እየገፉ በኦክስጅኑ ሸክም ላይ ሸክም ይጨምሩበታል። ስለዚህ አልኮል ሃይድሮጅኑን እየከበደው፣ ቀስ ብሎ ነው የሚለቀው። ውሃ ይህ ጫና የለበትም። ሶዲየም ሲነካው ወዲያው ይለቃል፣ የሚወጣው ጋዝ ይቀጣጠላል።»

«እህ» አለች፤ በፋሻው ሥር ፈገግ ብላ። «አሁን ገባኝ። እንዲህ ከሆነማ ውሃ አልጨምርም ነበር።»

ማስረዳቱ አምስት ደቂቃ እንኳ አልፈጀብኝም።