መጨረሻ የሚፈጨው ቢጫ በቆሎ

ላፍቶ፣ የድሮው ሰፈራችን ወፍጮ ቤት፣ ወረፋው በመጣ ሰው ተራ አልነበረም፤ በእህሉ ንጣት ነበር። ነጭ ጤፍ ቀድሞ ይፈጫል፣ ከዚያ ሰርገኛ፣ ከዚያ ቀይ፣ ከዚያ ነጭ በቆሎ። ወፍጮው ውስጥ የሚቀረው ዱቄት የሚቀጥለውን ሰው እህል ያበላሻል ተብሎ ነው። እኔ በጠዋት ደርሼ ከሁሉም በኋላ እፈጭ ነበር። የኛ በቆሎ ቢጫ ነበራ።

ጥፋቱ የአባቴ ነው። ወንዙ ዳር የቀረችን ቁራጭ መሬት ለቤት ግንባታ ልትወሰድ ስትል፣ በመጨረሻው ክረምት አንድ የግብርና ባለሙያ የሰጠውን አዲስ ዘር ዘራባት። ለልጅ ሰውነት ከነጩ ይሻላል ብሎት ነበር። በቆሎው አማረ። አባቴ ጆንያውን በር ላይ ደርድሮ ገዢ ጠበቀ። ሰው ይመጣል፣ እጁን ጆንያው ውስጥ ይሰዳል፣ ቀለሙን ያያል፣ "የእርዳታ ነው እንዴ?" ብሎ ይሄዳል። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ ከማንም አንድ ጣሳ እህል ተቀብሎ አያውቅም። ያን ቀን የነበረው ፊቱ ትዝ ሲለኝ ዛሬም አንጀቴን ይበላኛል።

የሚገዛ ሲጠፋ እኛው በላነው። ዓመቱን ሙሉ ቢጫ ቂጣ፣ ቢጫ ገንፎ፣ ቢጫ ንፍሮ። ትምህርት ቤት ምሳዬን ተደብቄ ነበር የምበላው። እውነቱን ልናገርና ይጣፍጥ ነበር፤ ግን ማን ደፍሮ ይናገራል። ከሁሉም የሚያናድዱኝ እንጀራ ጋግረው የሚሸጡት ጎረቤታችን ነበሩ፤ እትዬ ነው የምንላቸው። ወፍጮ ቤት ገና ሲያዩኝ፣ "አንቺ፣ ያንን ቢጫሽን ወደዚያ አርጊልኝ፣ ደንበኞቼን እንዳታሸሺብኝ" ይሉኝ ነበር።

ያቺ መሬት ዛሬ የመኪና ማቆሚያ ናት። ክረምት ሲገባ አሁንም የበቆሎው ቅጠል ሲንሿሿ የምሰማ ይመስለኛል፤ ይናፍቀኛል፣ ምን ይደረግ። እኛም እትዬም አንድ ኮንዶሚኒየም ገባን። አባቴ ግን ዘሩን አልጣለም። በየክረምቱ አጥሩ ሥር ባለችው ጠባብ አፈር ይዘራል፣ የደረቀውን በረንዳ ላይ ይሰቅላል። "አንዱን እንኳ እንብላው" ስለው "ዘር ነው" ይለኛል። የሚጠብቀውን አውቃለሁ። አንድ ሰው፣ አንድ ብቻ፣ መጥቶ ስጠኝ እንዲለው ነበር የሚፈልገው።

ባለፈው ክረምት አንድ እሸት ሰርቄ ቀቀልኩና፣ እኛ ቤት ስትጫወት ለነበረችው ለእትዬ የልጅ ልጅ ሰጠኋት። ምግብ ሲያቀርቡላት ጥርሷን ነክሳ የምታለቅስ ልጅ ናት። ቆረቆንዳው እስኪቀር ጋጠችው።

ጥቅምት ላይ እትዬ በራችንን አንኳኩ። ነጠላቸው ሥር ባዶ ፌስታል ይዘዋል። አባቴን ቀና ብለው ማየት ከብዷቸው ወለሉን እያዩ፣ "ያ ቢጫው በቆሎ... ለልጅቷ ገንፎ ትንሽ ይኖርዎታል? ሌላውን ሁሉ እምቢ አለችኝ" አሉት።

እኔ እንኳ የድሮው ቂሜ ተነስቶብኝ፣ አንድ ነገር ቢላቸው ደስ ባለኝ። አባቴ ግን በረንዳ ወጥቶ የተሰቀለውን አወረደና ወለሉ ላይ ተቀምጦ ይፈለፍል ጀመር። ለዘር ሁለት ራስ ብቻ አስቀርቶ ሌላውን በሙሉ ፌስታላቸው ውስጥ ገለበጠው።

ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ "አብረሻቸው ወፍጮ ቤት ሂጂ፤ መጨረሻ እንዳያደርጓቸው" አለኝ።