የፈረሰኛው ሜዳይና ባዶው ምስማር

ኦሃዮ፣ ጋሃና ከተማ የምሠራበት ቤት፣ ሳሎኑ ግድግዳ ላይ አንድ ባዶ ምስማር ነበር። ምስማሩ ምንም አይደለም፤ ችግሩ ከሥሩ ያለው ቀለም ነው። የቀረው ግድግዳ በፀሐይ ደብዝዟል፤ እዚያ ጋ ግን የመጽሐፍ ያህል ቦታ ትናንት እንደተቀባ ያበራል። አንድ ነገር ዓመታት ተሰቅሎ ኖሮ በቅርቡ ወርዷል ማለት ነው። የገባሁ ዕለት አየሁት። ሳምንት ሳይሞላ ደግሞ ገባኝ፦ እኔ ልመጣ ስል ነው ያወረዱት።

ሥራዬ ሽማግሌ መንከባከብ ነው። ሃይስኩል እንደጨረስኩ አንድ ዌርሃውስ ገብቼ ነበር። ቀኑን ሙሉ አንድ ቦታ ተገትሮ ካርቶን ማሸግ ለእኔ አይሆንም፤ እግሬ ካልተንቀሳቀሰ አፌ ይንቀሳቀሳል፣ አፌን ደግሞ ሱፐርቫይዘር አይወደውም። ስለዚህ ኤጀንሲ ተመዘገብኩ። ትሬኒንግ ላይ አሠልጣኟ ደጋግማ የነገረችን አንድ ነገር ነው፦ ከቤቱ ዕቃ ከጠፋ መጀመሪያ የምትጠየቁት እናንተ ናችሁ። ሞርስ ሮድ መንገድ ላይ ያለው ገበያ ስንገናኝ ጓደኞቼም የሚያወሩት ይኸንኑ ነው። አንዷ ቀለበት ሰረቅሽ ተባለች፤ ቀለበቱ ከሳሙና ማስቀመጫው ሥር ተገኘ፤ ይቅርታ የሚጠይቃት ሰው ግን አልተገኘም።

በሌላ ነገር እሙኝ። ቁጡ ነሽ በሉኝ፣ አርፈሽ አትቀመጪም በሉኝ፣ እውነት ነው። ሌባ መባል ግን በእኛ ቤት ቀልድ አይደለም። አባቴ መንገድ ላይ የወደቀ ጓንት እንኳ ሲያገኝ፣ ባለቤቱ ሲመለስ እንዲያየው አንስቶ አጥር ላይ የሚሰቅል ሰው ነው።

የቤቱ ባለቤት ሰማንያን ያለፉ እንግሊዛዊ ናቸው። በልጅነታቸው ከወላጆቻቸው ጋር ኦሃዮ መጥተው፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ ዳውንታውን የመንግሥት ቢሮ ሠርተው ጡረታ ወጡ። እንግሊዝኛቸው ግን እስከ ዛሬ ከመርከብ እንደወረደ ነው። በስማቸው መጥራት ስለከበደኝ ጋሼ ማለት ጀመርኩ። ምን ማለት እንደሆነ ጠየቁኝ፣ ነገርኳቸው፣ ወደዱት። ከዚያ ወዲያ ከፋርማሲ ሲደወል እንኳ "ጋሼን ነው የምትፈልጉት?" ማለት አመጡ።

ከእሳቸው በፊት የነበረ የቤተሰባቸው ወንድ ሁሉ አንድ የፈረሰኛ ሬጅመንት ውስጥ ነው ያገለገለው፤ ቅድመ አያታቸው፣ አያታቸው፣ አባታቸው። በአባታቸው ጊዜ ፈረሱ ቀርቶ ታንክ ሆኗል፤ ስሙ ግን ያው ፈረሰኛ ነው። የአያትየውና የአባትየው የዘመቻ ሜዳዮች በመስታወት ፍሬም ተሰቅለዋል፤ ከጎናቸው ባዶው ምስማር ነው። ከሥር ደግሞ ትልቅ ጥልፍ አለ። ጥቁር ሐር ላይ ፈረስና ዘውድ፣ ዙሪያውን በወርቅማ ክር የተጠለፉ የቦታ ስሞች። ጋሼ ነገሩን አስረድተውኛል። ጦሩ ተዋግቶ ስም ያገኘበትን ቦታ፣ ዙፋኑ ሲፈቅድለት ሰንደቁ ላይ ይጠልፈዋል። ሜዳዩ የሰውየው ነው፣ ስሙ የሬጅመንቱ። ሰውየው ይሞታል፣ ስሙ ይቀራል።

"የተሸነፋችሁበትስ የት ነው የሚጠለፈው?" አልኳቸው አንድ ቀን።

"እሱ ጋ ስንደርስ ክር አለቀብን" አሉኝ።

በከዘራቸው ጫፍ ከላይ እየጀመሩ ያነቡልኛል። ይሄ ቤልጂየም ነው፣ ይሄ ስፔን ነው። ታችኛው ረድፍ ሲደርሱ ግን ሁልጊዜ ሻይ ያምራቸዋል። ታችኛውን ረድፍ ደግሞ አንድ የፕላስቲክ አበባ ከነሸክላው ቆሞ ከልሎታል። አበባው እዚያ ምን ይሠራል ብዬ አልጠየቅኩም። የእኔ ዓይን ምስማሩ ላይ ነበር።

ልጃቸው ቅዳሜ ቅዳሜ ትመጣለች። ትልቅ ሰው ናት፤ ከእኔ ጋር ክፉ ነገር የላትም፣ ትስቃለች፣ የሂጃቤን ቀለም ታደንቃለች። ሳሎን አብረን ስንሆን ግን ዓይኗ አንዴ ወደ ምስማሩ፣ አንዴ ከቲቪው ሥር ወዳለው መሳቢያ ይሄዳል። ይህን ዓይነት ዓይን አውቀዋለሁ። ሱቅ ስገባ ከኋላ ከኋላዬ የሚከተለኝ ዓይን ነው። አንድ ቅዳሜ ለሪሞቱ ባትሪ ልፈልግ መሳቢያውን ሳብ ሳደርግ ከኩሽና እየሮጠች መጣች፤ እጇ ላይ የሳሙና አረፋ እንዳለ ነው። እኔ አወጣልሻለሁ፣ አንቺ አትልፊ አለችኝ። በቃ፣ ለእኔ ያ ፍርድ ነበር።

መኪናዬ ጋራዥ ስለነበረች ያን ሰሞን የሚያመላልሰኝ አባቴ ነው፤ እሱ ኤርፖርቱ አካባቢ ዕቃ ያደርሳል። መኪና ውስጥ ገብቼ ቀበቶ ሳላስር፣ ደንበኛ ቀይሩልኝ የሚል ቴክስት ለኤጀንሲው መጻፍ ጀመርኩ። ምን ሆነሽ ነው አለኝ። ነገርኩት። ኖርዝላንድ ሰፈር የትራፊክ መብራት ሲይዘን ወደ እኔ ዞረ።

"ጠይቀሻቸዋል?"

"ምኑን ነው የምጠይቀው?"

"ሌባ ብለውሽ ከሆነ፣ ዝም ብለሽ ስትሄጂ እንዳሉሽ ሆነሽ ትቀሪያለሽ። ካላሉሽ ደግሞ ስማቸውን የሰረቅሽው አንቺ ነሽ። ጠይቂና ውጪ።"

አባቴ ብዙ አያወራም፤ ሲያወራ ግን መልስ አያስተርፍልህም። ቴክስቱን አልላክሁትም፣ አላጠፋሁትምም።

ሰኞ ገባሁ፣ ጫማዬን አወለቅሁ፣ የጋሼን መድኃኒት ሰጠሁ፣ ሻያቸውን አቀረብኩ፣ ፊት ለፊታቸው ቆምኩ። ቁጭ በይ አሉኝ። ስናደድ መቀመጥ አልችልም።

"ጋሼ፣ እዚያ ምስማር ላይ የነበረውን ያወረዳችሁት እኔ እንዳልሰርቀው ነው?"

ሲኒውን አስቀመጡ። ፊታቸው እስከ ጆሯቸው ቀላ። በከዘራቸው የፕላስቲኩን አበባ ወደ ጎን ገፋ አደረጉት። ታችኛው ረድፍ ወጣ። አነበብኩት፤ አቢሲኒያ ይላል።

ቀጥለው መሳቢያውን ክፈቺው አሉኝ። በሰማያዊ ጨርቅ ከተጠቀለለ ፍሬም ውስጥ የብር ሜዳይ አገኘሁ፤ ጥብጣቡ ዳርና ዳሩ ነጭ፣ መሃሉ ቀይ። የእንግሊዟ ንግሥት ዘውዷ ላይ እንደ ነጠላ የመሰለ ነገር ተከናንባ መሃል ላይ አለች፤ ዙሪያዋን ኮከብ፤ በኮከቡ ጫፎች መካከል አንድ አንድ ፊደል። ፍሬሙን እያዞርኩ ፊደሎቹን ገጣጠምኳቸው። ያው ስም ነው።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ኤጀንሲው የምትመጣው ልጅ ኢትዮጵያዊት ናት ብሎ ሲነግራቸው ልጃቸው ደነገጠች። ግድግዳው ላይ አገሯን የወጋ ሰው ሜዳይ ተሰቅሎ እንዴት ትገባለች ብላ አወረደችው፤ ጥልፉን ማውረድ ስለከበዳት አበባ አቆመችበት። ከዚያ እኔ ገባሁ፣ ተላመድን፤ ያን ጊዜ ደግሞ መልሶ መስቀሉም መናገሩም አሳፈራቸው።

"እንዳይከፋሽ ብለን ነው" አሉ ጋሼ።

"ሌባ መስዬ ስብሰለሰል የከረምኩት በዚህ ነው?" አልኳቸው። "ብትጠይቁኝ እኮ ሻይ ሳይፈላ ያልቅ ነበር።"

አንገታቸውን ደፉ። ማዘን ነበረብኝ፤ ግን ጥያቄ ከጀመርኩ አላቆምም። ዘመቻው የመቅደላው እንደሆነ ገብቶኛል። የአባቴ አገር ወሎ ነው፣ ከመቅደላ ተራራ ሥር። ይህን ስነግራቸው ከዘራቸውን ጨብጠው ቀሩ።

"ከዚያ ተራራ ብዙ ዕቃ ወርዷል" አልኳቸው። "የብራና መጽሐፍ፣ ዘውድ፣ ጽዋ። እናንተ ቤት የመጣው ምንድን ነው?"

ሌባ ተብዬ እንደሆነ ልጠይቅ የቆምኩት ሴት፣ አሁን መርማሪዋ እኔው ሆንኩ። ጋሼ ግን አልተቆጡም።

"ይሄው ሜዳይ ብቻ ነው። ቅድመ አያቴ ተራራውን አልወጡም" አሉኝ።

በቤተሰባቸው ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ ወሬ ነው። መቅደላ ሊደርሱ ጥቂት ሲቀራቸው የቅድመ አያታቸው ፈረስ ሆዱ ተነፋ። ጓደኞቻቸው ወደ ላይ ሲወጡ እሳቸው ከታች ሰፈሩ ውስጥ ቀርተው፣ ፈረሱ እንዳይተኛ ልጓሙን ይዘው እያዞሩት ዋሉ። የመድፉን ድምፅ ከሩቅ ሰሙ። ፈረሱ ሞተ። አገራቸው ሲመለሱ እንደማንኛውም ዘማች ስማቸው የተቀረጸበት ሜዳይ ተሰጣቸው፤ እሳቸው ግን እስኪሞቱ ድረስ የፈረሱ ሜዳይ ነው ይሉ ነበር።

ከሰዓት አባቴ ሊወስደኝ መጣ። ሁልጊዜ መኪና ውስጥ ነው የሚጠብቀኝ፤ ኮል አደረግኩትና ግባ አልኩት። ገባ፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ሰላምታ ሰጠ፣ ሜዳዩን ሳይነካ ጎንበስ ብሎ አየ። የአባቴ እንግሊዝኛ ለሥራ እንጂ ለወግ አይሆንም፤ ስለዚህ አስተርጓሚዋ እኔ ነኝ። ጋሼም "በዚያ ጦርነት ከቤተሰባችሁ የሞተ ሰው ካለ ይቅርታ መጠየቅ እፈልጋለሁ" አሉ።

አባቴ ሜዳዩን እንደገና አየ። ትምህርት ቤት የተማርኩት መቅደላ ላይ የሞቱት ንጉሥ ጀግና መሆናቸውን ነው፤ ጀግና ናቸው። በአባቴ መንደር ግን የሚታወሱት ባቃጠሉት ቤት ነው። ስለዚህ የመቅደላ ነገር ሲነሳ የእኛ ሰው የት ጋ ቆሞ እንደሚያለቅስ አያውቅም። አባቴ ይህን ሁሉ አላወራም።

"የሞተብን የለም" አለ። "ድርቆሽ ነው የሸጥንላቸው።"

ቀጠለ። ለዚያ ሁሉ ፈረስና በቅሎ የሚበላ ስለጠፋ፣ የአካባቢው ሰው ድርቆሽና ገብስ ተሸክሞ እንግሊዞቹ ሰፈር ይወርድ ነበር። የአባቴ ምንዥላት ከወረዱት አንዱ ናቸው። ሸክሙ ከበድ እንዲል ማታ ድርቆሹ ላይ ውሃ ያርከፈክፉበት ነበር። በእኛ ቤት ሰው ሲያጭበረብር "ድርቆሽህን አታርስብኝ" ይባላል። ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው ተረት መስሎኝ ነው የኖርኩት።

ልተርጉመው አልተርጉመው ብዬ ትንሽ አሰብኩ። ከዚያ ሁሉንም ተረጎምኩት፤ ጠዋት ሌላውን ሰው መርምሬ ከሰዓት የራሴን መደበቅ አይሆንልኝም።

ጋሼ አባቴን አዩት፣ ሜዳዩን አዩት፣ እንደገና አባቴን አዩት።

"የራሰ ድርቆሽ" አሉ ቀስ ብለው፣ "ይሻግታል። የሻገተ ድርቆሽ ደግሞ የፈረስ ሆድ ይነፋል።"

ተረጎምኩለት። አባቴ እጁን አናቱ ላይ ጫነ።

"ወላሂ፣ ይቅርታው ከእኛ ነው በያቸው።"

ጋሼ ሳቁ። ሳቃቸው ወደ ሳል ተለወጠ፣ ውሃ አመጣሁላቸው፣ አባቴም ይስቃል። ያው ድርቆሽ ይሁን ሌላ ማንም አያውቅም፤ የወረደው ሰው ብዙ ነበር። እኔ ግን አምኛለሁ። በዚያ ቤት ሌባ እየፈለግሁ ስባዝን ከርሜ ነበር፤ ተገኘ፤ የአባቴ ምንዥላት ናቸው።

ወንበር ላይ ወጣሁ፣ አባቴ ያዘልኝ፣ ፍሬሙን ምስማሩ ላይ ሰቀልኩት። ያንን የሚያበራ ቦታ ልክክ ብሎ ሸፈነው። ከወንበሩ ሳልወርድ ቴክስቱን አጠፋሁት።

ቅዳሜ ልጃቸው መጣች። መጀመሪያ ግድግዳውን አየች፣ ከዚያ መስኮቱ ሥር የወሰድኩትን አበባ፣ ከዚያ እኔን። ከረጢቷን እንኳ አላስቀመጠችም። አልተከፋሽም ወይ ብላ በቀስታ ጠየቀችኝ። አልተከፋሁም፣ ሁለተኛ ግን ከእኔ የምትደብቂው ነገር ካለ ምን እንደሆነ ነግረሽኝ ደብቂው አልኳት። ጋሼ ከወንበራቸው ሆነው ጣልቃ ገቡ።

"እሷን ተያት" አሏት። "የተበደለው ፈረሱ ነው።"