ኬላና የጠፋው ቁልፉ

ሰፈርተኛው ለባለቤቴ ያወጣለት ስም ኬላ ነው። ያለ ፍተሻ ማንም አያልፍበትም። ቆጣሪ ሊያነብ የመጣን ሰው መታወቂያ ተቀብሎ፣ ፎቶውን ከፊቱ አስተያይቶ፣ መሥሪያ ቤቱ ደውሎ አጣርቶ ነው የሚያስገባው። ሰውየው እኮ በየወሩ የሚመጣው ያው ሰውዬ ነው! አሁን አሁንማ ገና በራችንን ሳያንኳኳ መታወቂያውን ከኪሱ ማውጣት ለምዷል።

እንጀራው ኮምፒውተርና ፕሪንተር መጠገን ነው። ከሥራ ሲመለስ ደግሞ ደመወዝ የሌለው ሌላ ሥራ ይጠብቀዋል። አንዲት ትንሽ ፕሮግራም አለችው፤ ፋይል ሳይበላሽ ከአንዱ ኮምፒውተር ወደ ሌላው የምትገለብጥ። በነፃ ስለምትሰጥ ክሊኒኮች የሕመምተኛ መዝገብ፣ ትምህርት ቤቶች የተማሪ ውጤት ይገለብጡባታል። ልጅ የለንም፤ እሷን ነው ያሳደገው። አንድ ነገር አሻሽሎ በላከ ቁጥር በእጁ ብቻ ባለ ዲጂታል ቁልፍ ይፈርምበታል፤ ተቀባዩ ኮምፒውተር ፊርማውን አይቶ ከራሱ የመጣ መሆኑን ያውቃል። ያ ፊርማ ባይኖር ማንም ሌባ በፕሮግራሟ ስም ተንኮል ሊልክ ይችላል። እስከዚህ ድረስ እኔም እስማማለሁ።

የማልስማማው በሌላው ነው። ለተጠቃሚዎቹ ደብዳቤ መልስ የምጽፈው እኔ ስለሆንኩ፣ አንድ ጊዜ ለእኔም ቁልፍ አወጣልኝ፤ አዲስ ቁልፍ ግን የማን እንደሆነ አይቶ የሚመሰክር ሰው በራሱ ቁልፍ ካልፈረመለት አይታመንም። እሰየው ብዬ ሳልጨርስ፣ እራት ላይ፣ "እስቲ መታወቂያሽን አምጪ፤ ሳላይ አልፈርምልሽም" አይለኝ መሰላችሁ! በአንድ ትራስ የምንተኛ ሰዎች! እኔም እልኸኛ ነኝ፤ አላሳይም አልኩ። ቁልፌ እስከ ዛሬ ሳይፈረምለት ተቀምጧል።

ጣጣው የመጣው መብራት ሄዶ በኃይል ሲመለስ ላፕቶፑን ያቃጠለው ዕለት ነው። ቁልፉ እዚያ ውስጥ ነበረ።

"ቅጂ የለህም?" አልኩት።

"አለኝ፤ ፍላሽ ላይ።"

"ታዲያ ፍላሹ የት አለ?"

ተነስቶ መሳቢያዎቹን ይከፍት ጀመር። ሌባ እንዳያገኘው የደበቀውን ራሱም ሊያገኘው አልቻለም። ሶፋውን ገለበጥን፣ ምንጣፉን አነሳን፣ የግድግዳ ሰዓቱን ሳይቀር ፈታን። እስከ ዛሬ የት እንዳስቀመጠው አናውቅም።

አዲስ ቁልፍ ማውጣት ቀላል ነው አሉ። ከባዱ ቁልፉ የእሱ መሆኑን ማሳመን ነው። ፕሮግራሟን አብረውት የሚጠብቁት ሰዎች በየአገሩ የተበተኑ ናቸው፤ አብዛኞቹን በዓይኑ አይቷቸው አያውቅም። ደንባቸው ደግሞ ቁርጥ ያለ ነው፦ አዲስ ቁልፍ ያወጣን ሰው ከአባላቱ አንዱ በአካል ያገኘዋል፣ መታወቂያውን ያያል፣ የቁልፉን ረጅም መለያ ቁጥር ከወረቀት ላይ ያመሳክራል፣ ከዚያ ይፈርምለታል። ይህን ደንብ ማን የጻፈው ይመስላችኋል? ኬላ!

ሰዎቹ ደጎች ናቸው። "አንተን አጥተንህ ነው? ቪዲዮ ክፈትና ፊትህን አሳየን፤ በዚሁ ይለፍ" ብለው ጻፉለት። አጠገቡ ቁጭ ብዬ ተመስገን፣ ተገላገልን እያልኩ ነው። እሱ ምን ብሎ ቢመልስላቸው ጥሩ ነው? "ዛሬ ፊትም ድምፅም በኮምፒውተር ይሠራል። ስክሪኑ ላይ ያያችሁት ሰው እኔ መሆኔን በምን ታውቃላችሁ? እኔ በእናንተ ቦታ ብሆን አላምነኝም።" ብቻውን ከሁሉም ጋር ተከራከረ። በራሱ ላይ ተሟግቶ ረታ። እነሱም ሲሰለቻቸው፣ እስከ ወሩ መጨረሻ በአካል የሚፈርምልህ ካልተገኘ ፕሮግራሟን ለሌላ ሰው እንሰጣታለን አሉት። ያ ሌላው ሰው ጎበዝ ነው፤ ግን ችኩል ነው፣ ሳይሞክር ይልካል። ባለቤቴ የክሊኒኮቹን መዝገብ እያሰበ ምግብ ተወ። አሳዘነኝም፣ አናደደኝም።

በከተማችን ያለው አባል አንድ ሰው ብቻ ነው። አሁን ኮሌጅ ያስተምራል፤ ድሮ ከባለቤቴ ጋር በአንድ ጠረጴዛ ፕሪንተር ሲፈታ የኖረ ነው። ቁልፉን ፈርሞ አባል ያደረገውም ባለቤቴ ነው። እንዴት አድርጎ እንደፈረመለት ነው ጉዱ። መምህሩ ያን ዕለት ዝናብ ላይ መጣ፤ ለካ መታወቂያውን ረስቶታል። የኮሌጁን ባጅ ቢያሳየው ኬላ "ይሄ አይሆንም" አለው። ስንት ዘመን ምሳ አብሮት የበላውን ሰው! ምስኪኑ በዚያ ዝናብ ከተማውን አቋርጦ ሄዶ፣ መታወቂያውን ይዞ፣ ጫማው ውሃ እየተፋ ተመለሰ። ኬላ መታወቂያውን ወደ አምፖል ከፍ አድርጎ አንጋጦ ካየ በኋላ ፈረመለት። መምህሩ አመስግኖ ወጣ፤ ከዚያ ወዲህ ደጃችንን ረግጦ አያውቅም።

"ደውልለት" አልኩት።

"በምን ዓይኔ?" አለ።

ሲያቅተኝ እኔው ደወልኩ። "ወንድሜ፣ ቂም ይዘህ እንደሆነ እግርህ ላይ ልውደቅልህ። ሰውዬው ምግብ ተወብኝ" አልኩት።

መምህሩ፣ "አንቺ ለምን ትወድቂያለሽ፤ በዝናብ የመለሰኝ እሱ" አለኝ። ቀጥሎ ግን ቅዳሜ እንደሚመጣ ነገረኝ።

ቅዳሜ ኬላ በጠዋት ተነስቶ ጢሙን ሙልጭ አድርጎ ተላጨ፤ መታወቂያው ላይ ያለው ፎቶ ጢም የለውማ! ጠረጴዛው ላይ መታወቂያ፣ ፓስፖርትና መንጃ ፈቃድ ደረደረ። መምህሩ በሩን ሲያንኳኳ እንኳን ደህና መጣህ እንደ ማለት የቁልፉን ቁጥር ያተመበትን ወረቀት ዘረጋለት። መምህሩ ወረቀቱን ተቀብሎ ተቀመጠ፣ ላፕቶፑን ከፈተ፣ ቁጥሩን በጣቱ እየተከተለ አመሳከረ፣ የሆነ ነገር ነካካ።

"ፈርሜልሃለሁ" አለ። "ልላከው?"

ልቤ መለስ አለ። ዕልል ልል ምንም አልቀረኝ።

"እንዴት ትፈርማለህ?" አለ ኬላ። "መታወቂያዬን መቼ አየህ?"

"አንተ ሰውዬ!" አልኩ፤ የያዝኩትን ብርጭቆ ጠረጴዛው ላይ አጮህኩት። "ሰው ስለ እግዚአብሔር ብሎ ቢመጣልህ ልትመልሰው ነው? ኧረ ጨጓራዬን ላጥከው!"

መምህሩ ሳቀ። "መታወቂያማ በየጥጉ ይሠራል" አለው። "ይሄን የሚያቃጥል ጠባይህን ግን የትኛው አጭበርባሪ ችሎ ይሠራዋል? በር ላይ ሰላም ሳትለኝ ወረቀት ስትሰጠኝ ነው አንተ መሆንህን ያረጋገጥኩት።"

ኬላ አልሳቀም። "ጠባዬን የምታውቁት እናንተ ናችሁ" አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "እዚያ ክሊኒክ ውስጥ ያለው ሰው እኔን የት ያውቀኛል? እሱ የሚያምነው ያንተን ፊርማ ነው። ሳታይ አይቻለሁ ብለህ ከፈረምክ ዋሽተኸዋል። ያን ቀን በዝናብ የመለስኩህ አንተን ሳላውቅህ ቀርቼ አይደለም።"

መምህሩ መታወቂያውን አነሳና አምፖሉ ላይ አንጋጦ አየው። አገላበጠው። ደግሞ አየው።

"ፎቶው አንተን አይመስልም" አለ። "ቤትህ ሂድና ሌላ አምጣ።"

"ቤቴ እኮ ነው ያለነው!"

በሳቅ ፈረሱ፤ ሁለቱም። መምህሩ ፊርማውን ላከው። ፕሮግራሟ ከእኛው ጋ ቀረች። ባለቤቴ ከስንት ቀን በኋላ ራበኝ አለ።

ምሳ እየበላን መምህሩ ወደ እኔ ዞሮ፣ "ይሄ ሰውዬ ነገ ደግሞ ቁልፉን የማያገኝበት ቦታ ይደብቃል። ቤት ውስጥ የሚፈርምለት አባል ያስፈልገዋል። ያንቺን ቁልፍ ለምን ሁለታችንም ዛሬውኑ አንፈርምልሽም?" አለ።

"ለባሌ መታወቂያ አላሳይም ብዬ ምያለሁ" ልል አፌን ከፈትኩና ያ ክሊኒክ ውስጥ ያለው ሰው ትዝ አለኝ። እሱን ምን እለዋለሁ? እያጉረመረምኩ ተነስቼ መታወቂያዬን ከመሳቢያ አመጣሁ። ሁለቱ ጎልማሶች ሳህናቸውን ገፋ አድርገው፣ ራሳቸውን ገጥመው፣ አምፖሉ ላይ አንጋጠጡ።

"ጊዜው አልፎበታል" አሉ እኩል።

ባለቤቴን አየሁት፤ አንገቱን ደፋ፣ መታወቂያዬን ግን መለሰልኝ። ሰኞ በጠዋት ሄጄ መታወቂያ ለማሳደስ ሰልፍ እይዛለሁ። ከገዛ ባሌ ጋር ልተዋወቅ።