ሁሉም አምስት የሰጠበት ክፍል

እኔ ሰው ቶሎ አላምንም። ይህን ባለቤቴም ያውቃል፣ ጎረቤቶቼም ያውቃሉ። ላስ ቬጋስ፣ ኢንተርፕራይዝ የሚባለው ሰፈር ያለው ቤታችን ገና አዲስ እያለ የውሃ ቆጣሪ ሊያይ የመጣውን ልጅ፣ መታወቂያህን በመስኮት አሳየኝ ብዬ ፀሐይ ላይ አቁሜዋለሁ። ጥፋቱ የሬጅስትራር ሥራ ነው። አዲስ አበባ አንድ ኮሌጅ ሬጅስትራር ውስጥ ዓመታት ተቀምጬ፣ ውጤቱን በምላጭ ፍቆ የሚመጣ አይቻለሁ፤ አንድ አጎቱን በየሴሚስተሩ የሚቀብርም አይቻለሁ። እንዲህ ያለ ቦታ የከረመ ሰው ዓይኑ ይበላሻል።

ላስ ቬጋስ መጥቼ መጀመሪያ ሆቴል ውስጥ አልጋ ሳነጥፍ ነበር። ከዚያ አንድ አነስተኛ የግል ኮሌጅ የጥራት ክፍል ገባሁ። ሥራው ለእኔ ተብሎ የተፈጠረ ነው። ኮሌጁ ስለ ተማሪዎቹ የሚያውቀው ሁሉ አንድ ሲስተም ውስጥ ይገባል፤ ማን ገባ፣ ማን ቀረ፣ ስንት አመጣ፣ ስለ አስተማሪው ምን አለ። ሲስተሙ ደግሞ እያንዳንዱን ክፍል ቀለም ይቀባዋል። አረንጓዴ ደህና ነው፣ ቢጫ ተጠንቀቁ ነው፣ ቀይ ከሆነ ጉድ ፈላ ማለት ነው። ዕውቅና የሚሰጡን ሰዎች ሲመጡ ቀድመው የሚጠይቁት ያንን ስለሆነ፣ ከላይ እስከ ታች አረንጓዴ የማይወድ የለም። እኔ ደግሞ ከሁሉም በላይ የምጠረጥረው አረንጓዴውን ነው።

አለቃዬ እዚሁ አገር የተወለደች የሀበሻ ልጅ ናት። አማርኛዋን የተማረችው ማዕድ ላይ ስለሆነ ብሉ፣ ጠጡ፣ ጨምሩ ላይ ጎበዝ ናት፤ ፊደል ግን አታነብም። አንድ ቀን ወንበሯን እየጎተተች አጠገቤ መጣች።

“ይሄን ክላስ ቼክ አድርጊ ፕሊስ” አለችኝ። “ሁሉም ሰው አምስት ሰጠ። ሁሉም ጥያቄ፣ አምስት።”

ስክሪኑን አየሁት። ምሥራቅ ላስ ቬጋስ፣ ከጎማ ቤቱ አጠገብ ባለው ቅርንጫፋችን የሚሰጠው የጠዋት የኮምፒውተር ኮርስ ነው። ተማሪዎቹ የሌሊት ሺፍት ጨርሰው ከካዚኖ በቀጥታ የሚመጡ ሰዎች ናቸው፤ አንዱ ለአንዱ እየነገረ አብዛኛው ሀበሻ ሆኗል። በየተርሙ መጨረሻ ተማሪው አስተማሪውን ከአንድ እስከ አምስት ይገመግማል። ስሙ አይታወቅም። መልሱ ከየትኛው ኮምፒውተር፣ በስንት ሰዓት እንደተላከ ግን ሲስተሙ ይይዛል። የዚህ ክፍል መልስ በሙሉ ከአንድ ኮምፒውተር ነው የተላከው፣ ያውም ክፍሉ ውስጥ ካለው ከአስተማሪው ጠረጴዛ ላይ ካለው፣ ተከታትሎ። አስተያየቱም አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ እንደ አባታችን ናቸው ይላል በእንግሊዝኛ፣ ከነስህተቱ ከላይ እስከ ታች ያው።

አስተማሪውን አውቃቸዋለሁ።

ጋሼ ነው የምላቸው። አገር ቤት መምህራን ማሠልጠኛ ውስጥ ያስተማሩ ሰው ናቸው። እዚህ መጥተው ግን ሆቴል በር ላይ የእንግዳ መኪና ፓርክ ሲያደርጉ ኖሩ። ስድሳን ካለፉ በኋላ ይህቺን ኮርስ ሲያገኙ እንደገና ሰው ሆንኩ አሉ። በዚያ ሙቀት ክራቫት አስረው ነው የሚመጡት። ጥራት ክፍል ሰው እንደሚፈልግ የነገሩኝ፣ ስሜንም ለቢሮው የሰጡልኝ እሳቸው ናቸው። የኮሌጁ ደንብ ደግሞ ግልጽ ነው፤ የራሱን ግምገማ የሞላ አስተማሪ ይባረራል፣ ፋይሉ ላይም ይጻፍበታል። ጋሼ ሞልተውት ከሆነ ዳግመኛ ሰሌዳ ፊት አይቆሙም።

ለምን ለእኔ ሰጠችኝ አልኩ በሆዴ። ቢሮው ውስጥ ሌላ ሰው ሞልቷል። ቆይቶ ትዝ አለኝ፤ የአለቃዬ እናትና ጋሼ አንድ ዕድር ውስጥ ናቸው። ልጅቷ የራሷን እጅ ሳታስገባ እኔን እሳቱ ውስጥ ልትከት ነው። ወይም ደግሞ ለወገኔ አዳላ እንደሆነ ልትፈትነኝ ይሆናል። እሷን ጠርጥሬ ስጨርስ ወደ ጋሼ ዞርኩ። ሰውዬው ያን ያህል ደክመው ሥራ ያስገቡኝ ለዚህ ቀን ይሆን እንዴ? እንዲህ ማሰቤ ራሴን አስቀየመኝ፤ ማሰቡን ግን አልተውኩም።

በማግስቱ ክፍላቸው ሄጄ ከኋላ ተቀመጥኩ።

“ልጄ፣ ምን እግር ጣለሽ?” አሉኝ፤ ደስ ብሏቸዋል።

“ለጥራት ነው ጋሼ፣ ሁሉንም ክፍል እናያለን” አልኳቸው። ውሸቴን ነው።

ክፍሉ ደስ ይላል። ጋሼ ጨዋታ ያውቃሉ፤ ዩኒፎርሙን ሳያወልቅ የመጣው እንቅልፋም ሁሉ ይስቅላቸዋል። አንዷ ሠንጠረዡ ሲያስቸግራት እጇን ታወጣለች፣ ጋሼ ይሄዳሉ፣ ማውሱን ከእጇ ወስደው ቀጭ ቀጭ አድርገው “ይኸው፣ አለቀ” ይሏታል። እግዜር ይስጥልኝ ትላለች። ወደ ሌላው ይሄዳሉ፣ ለእሱም ይሠሩለታል። እኔ ግን የምፈልገው ሌባ ነበር፤ የአስተማሪውን ኮምፒውተር ማን እንደሚነካ፣ ማን ከማን ጋር እንደሚጠቃቀስ ነበር የምመለከተው።

አንዲት ሴት በየመካከሉ ብድግ ትላለች። የቀረውን ትጠይቃለች፣ ያረፈደውን ትቆጣለች፣ መስኮቱን ዝጉ ትላለች። ጠጋ ብዬ ማን ናት ብል “አለቃችን” አሉኝ። ለካ እንደ አገር ቤት የክፍል አለቃ መርጠዋል። ኮሌጁ ይህን አያውቅም፤ ቢነግሩትም አይገባውም።

ክፍሉ ሲያልቅ ፓርኪንጉ ላይ ጠበቅኋት። የእኔ ዕድሜ ናት፤ እሷም አልጋ ነው የምታነጥፈው። መኪናዬ ውስጥ አስገብቼ ኤሲውን ከፈትኩና ዙሪያ ጥምጥም ሳልሄድ ጠየቅኋት፤ ግምገማውን ማነው የሞላው?

“እኔ ነኛ” አለች፤ ምንም አልመሰላትም። “ሁሉም እየመጣ የይለፍ ቃሉን ራሱ አስገባ፣ ሌላውን እኔ ጨረስኩለት። ከሺፍት የመጣ ሰው ያን ሁሉ እንግሊዝኛ ሊያነብ ነው? ቁጭ ብለን ተነጋገርን፣ አምስት ይሁን ተባለ፣ ተስማማን። ምን ችግር አለው?”

“ጋሼስ የት ነበሩ?”

“እሳቸውማ ውጡልን አልናቸው። ሰው እያየ ይገመገማል እንዴ?”

አላመንኳትም። መቼም አነጋገሯ የሚያሳምን ነው፤ የሚያሳምን ሰው ደግሞ ሁልጊዜ ይከነክነኛል። ቢሮ ተመልሼ የበሩን ሲስተም ከፈትኩ። ቅርንጫፉ ውስጥ ሠራተኛ በካርድ ነው የሚገባው የሚወጣው። እውነትም ያን ጠዋት የመጀመሪያው መልስ ከመላኩ በፊት ጋሼ ወጥተዋል፤ የተመለሱት የመጨረሻው ከተላከ በኋላ ነው። እፎይ አልኩ። ስንት ጊዜ በሆዴ እንዳማኋቸው ሳስብ አፈርኩ።

ሪፖርቱን ጻፍኩ። አስተማሪው ንጹሕ ነው፣ ተማሪዎቹ አሠራሩን ስላላወቁ ነው፣ መልሱ ይሰረዝና ግምገማው እንደገና ይከፈት፣ እያንዳንዱ ሰው ለብቻው በገዛ ስልኩ ይሙላ አልኩ። አለቃዬ “ጉድ ጆብ” አለችኝ። በራሴ ኮራሁ፤ ሰውዬውን ያዳንኳቸው እኔ ነኝ ብዬ።

ለክፍሉ አለቃ ደውዬ ነገርኳት።

“ማንም አያይም?” አለችኝ።

“ማንም።”

“አንቺም?”

“እኔም ስም አላይም እህቴ።”

ድምጿን ዝቅ አደረገች።

“እርግጠኛ ነሽ?” አለችኝ ደግማ። እርግጠኛ ነኝ አልኳት። በሌላ ጊዜ ቢሆን ይህ አጠያየቅ አልጣመኝም ብዬ ስብሰለሰል እውል ነበር። ያን ቀን ደስ ብሎኝ ስለነበር ዘጋሁት።

ግምገማው ተዘጋና ውጤቱ መጣ። ክፍሉ ቀይ ነው።

ተሳስቼ ሌላ ክፍል የከፈትኩ መስሎኝ መልሼ አየሁት። ያው ክፍል ነው። ሁለትና አንድ፣ ሁለትና አንድ። ለጠባያቸው አሁንም አምስት ሰጥተዋል፤ ተማርን ወይ የሚለው ላይ ግን ሁሉም ወርዷል። መጀመሪያ የመጣልኝ አንድ ሰው አሳድሞባቸዋል የሚለው ነው። ሰዓቱን አየሁ፣ ስልኮቹን አየሁ፤ ሁሉም ከየቤቱ፣ በየራሱ ጊዜ፣ በየራሱ ስልክ ነው የላከው። አብረው ሲሆኑ አምስት፣ ብቻቸውን ሲሆኑ አንድ። ሰውን ሁሉ ስጠረጥር የኖርኩት ሴትዮ፣ ይህን አንድ ነገር አልጠረጠርኩም።

አንድ አስተያየት ደግሞ ሲስተሙ ማንበብ አቅቶት ወደ እኔ ልኮታል። በአማርኛ ነው የተጻፈው። እንዲህ ይላል፤ “እንደ አባታችን ነው የምናያቸው፣ ነውር እንዳይሆንብኝ። ግን አላስተማሩንም። ማውሱን ከእጄ ወስደው ይሠሩልኛል፣ ቤቴ ገብቼ ብቻዬን ስቀመጥ ባዶ ነኝ። ይህን ኮርስ ከወደቅሁ ከአልጋ ማንጠፍ አልወጣም። እባካችሁ እኔ እንደጻፍኩት አይወቁ።”

ወደ እንግሊዝኛ መመለስ የእኔ ሥራ ነው፤ ላለዝበው አሰብኩ። ትንሽ ይቸኩላሉ ብል ማን ያውቅብኛል? አለቃዬ ፊደል አታነብም። ግን አንሶላ ስትወጥር ወገቧ የሚቆረጥ ሴት ምን እንደምትል አውቃለሁ፤ እኔም ብያለሁ። ቃል በቃል መለስኩት።

አለቃዬ አንብባ ስትጨርስ ፊቷን በሁለት እጇ ያዘች። “እናቴ ትገድለኛለች” አለች። የሚቀጥለው ተርም ኮርሱ ለሌላ ሰው ተሰጠ። አስተያየቶቹ እንደ ደንቡ ለጋሼ ተላኩላቸው፤ አማርኛውም ከነትርጉሙ።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ሱፐርማርኬት በር ላይ አገኘኋቸው፤ የቁማር ማሽኖቹ የተደረደሩበት ጋ። ክራቫት አላሰሩም። ሰላም ልላቸው እጄን ስዘረጋ ጨበጡኝ፣ ግን ልጄ አላሉኝም።

“ማነው?” አሉኝ።

“ጋሼ፣ ሙት ይዤ ነው የምነግርዎት፣ ሲስተሙ ለእኔም ስም አይሰጠኝም።”

“ሌሎቹን አንድ በአንድ ደውዬ ጠየቅኋቸው። ሁሉም ማሉልኝ። አምስት ነው የሰጠንዎት አሉኝ።”

አንዷ ማሽን አጠገባችን ትጮሃለች፤ እስክትጨርስ ጠበቁ።

“በአማርኛ ነው የተጻፈው” አሉ ቀስ ብለው። “አለቃሽ ፊደል አትቆጥርም፤ እዚያ ቢሮ አማርኛ የሚጽፍ አንቺ ብቻ ነሽ። ከኋላ ተቀምጠሽ ማውስ ስወስድ ያየሽኝ አንቺ ነሽ፤ ለጥራት ነው አልሽኝ፣ ኋላ ስጠይቅ ሌላ ክፍል አልገባሽም። አልጋ ታነጥፊ እንደነበርም አውቃለሁ፤ ከዚያ እንድትወጪ ስምሽን የሰጠሁት እኔ ነኝ።”

የክፍሉ አለቃ ስም አፌ ላይ መጣ። እሷ ናት ብዬ እጠረጥራለሁ፤ አሁንም ድረስ እጠረጥራለሁ። አንቺም ብላ የጠየቀችኝ፣ እኔም ብዬ የመለስኩላት ነገር ያዘኝ። ዋጥኩት።

“እኔ አይደለሁም ጋሼ” አልኩ። እንባዬ መጣ፤ ብስጭት ነው፣ ሐዘንም ነው።

ሲያዩኝ ቆዩ። የማውቀው አስተያየት ነው፤ ሬጅስትራር መስኮት ላይ ተቀምጬ ሰው የማየው እንደዚያ ነበር። ያሉትን ሁሉ በሆዴ መልሼ አሰላሁት፤ አንድም የጎደለ ነገር የለውም። እሳቸውን ብሆን እኔም አላምነኝም ነበር።