አባቴ በለቅሶ ቤት የሰጠው መልስ

በንጉሡ ዘመን ማብቂያ አባቴ የሂሳብ ፕሮፌሰር ነበር። ዶክትሬቱን የሚሰጠው የውጭ አገር ዩኒቨርሲቲ ቢሆንም፣ እዚሁ ሆነው የሚሠሩትን ተማሪዎች የሚያማክራቸው እሱ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ኮልፌ ቤታችን ይመጡና ሳሎን ባቆመው ሰሌዳ ፊት ሲከራከሩ ይውላሉ።

ከሁሉም የመጀመሪያ ተማሪውን ይወደው ነበር። የሰፈራችን ልጅ ነው፤ እናቱ አስኮ መንገድ ዳር ቅቤ የሚነግዱ፣ ባል የሞተባቸው ሴት ነበሩ። ዝምተኛ ነው። አንድ ነገር ሲገለጥለት ግን ድንገት ከት ብሎ ይስቃል፤ ይሄኔ እናቴ ከጓዳ ሆና፣ "አገኘው ማለት ነው" ትላለች።

የመመረቂያ ጽሑፉ ሊያልቅ ሲል አባቴ ክፍተት አየበት። መሃል ላይ ያለች አንዲት እርምጃ አልተረጋገጠችም፤ እሷ ካልቆመች የቀረውም አይቆምም። ልጁ ከእሷ ጋር ሲታገል ክረምቱ ገባ። ኩላሊቱን ታሞ ሆስፒታል ተኛ። አባቴ ሊጠይቀው ሲሄድ፣ "ዛሬ እንኳ ስለ ሂሳብ አናውራ" ይለዋል።

"ታዲያ ስለ ምን እናውራ ጋሼ?"

መስከረም ሳይጠባ ሞተ።

ከአባቴ ጋር ድንኳኑ ውስጥ ተቀምጠን ሳለ የልጁ እናት መጥተው አባቴ ፊት ቆሙ። እስከዚያች ሰዓት እንባ አልወጣቸውም ነበር።

"አስተማሪው እርስዎ ነዎት?"

አባቴ ብድግ አለ። "አዎ፣ እትዬ።"

"ልጄ ዕድሜውን ወረቀት ላይ አቀርቅሮ ጨረሰ። ምን ነበር የሚሠራው? እኔ አልተማርኩም፤ ቢሆንም ይንገሩኝ።"

ምሁራን ፊት የማይደናቀፈው አባቴ ቃል እየመረጠ፣ "ሰው ሁሉ አይገናኙም የሚላቸው ሁለት ነገሮች እንደሚገናኙ ሊያሳይ ነበር" አለ።

"ጨረሰው?"

አባቴ መሬት መሬት አየ። "ጨርሶታል።"

ወደ ሴቶቹ ዞሩ። "ሰማችሁ? ጨርሶ ነው የሄደው!" አሉና ያን ጊዜ አለቀሱ።

ወደ ቤት ስንመለስ፣ "አባባ፣ እውነት ጨርሶት ነበር?" አልኩት።

"አልጨረሰም።"

ከዚያ ወዲህ ያማከራቸው ብዙዎች ተመረቁ። ለእያንዳንዳቸው ደስ ብሎታል፤ ግን ብቻውን ሲሆን ያቺኑ እርምጃ ይፈልግ ነበር። አንድ ጎበዝ ተማሪ፣ "እኔ ልሞክራት" ቢለው፣ "ባለቤት አላት" ብሎ ከለከለው።

የልጁ እናት በየመስቀሉ እንኳን አደረሳችሁ ሊሉን ይመጣሉ። ቤታችን እንግዳ ካለ፣ "ልጄ ትምህርቱን ጨርሶ ነው የሞተው፤ እሳቸውን ጠይቋቸው" ይላሉ። አባቴም "አዎ" ይላል።

እሳቸው ባረፉበት ዓመት አባቴ እርምጃዋን መፈለግ ተወ።